ጓደኛችሁ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል ብላችሁ ስትሰጉ፦ ምን ትላላችሁ? ምን ታደርጋላችሁ?

«ጓደኛዬ ሰሞኑን ‘ብሞት ይሻለኛል’ እያለ ነው። የምሩን ይሁን ምሬት ይሁን አላወቅኩም። ምን ልበለው?» ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ጠያቂው ይለያያል፣ ጭንቀቱ ግን አንድ ነው፦ ብናገር አባብሰው ይሆን? ዝም ብልስ? ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከምመልስ በቅደም ተከተል እዚህ ላስቀምጠው።

ሐኪም ሁኑ እያልኩ አይደለም። ከእናንተ የሚጠበቀው በግልጽ መጠየቅና ባለሙያ ጋ እስኪደርስ ብቻውን አለመተው ነው። ለአጻጻፍ እንዲቀለኝ አብዛኛውን ጊዜ «እሱ» እላለሁ፤ ለእሷም ያው ነው።

መጀመሪያ፦ አሁኑኑ አደጋ ላይ ከሆነ

ራሱን የሚጎዳበትን ነገር በእጁ ከያዘ፣ «ዛሬ ማታ» ብሎ ጊዜ ከቆረጠ፣ የስንብት መልእክት ከላከ ወይም አንዳች ነገር ከወሰደ የቀረውን በኋላ ታነቡታላችሁ። አሁን ባላችሁበት አገር የድንገተኛ አደጋ ቁጥር ላይ ደውሉ። ካልሆነ በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ለአንድ ደቂቃም ብቻውን አትተዉት። መጸዳጃ ቤት ቢገባ እንኳ በሩ ሳይቆለፍ ደጅ ላይ ቁሙ።

መድኃኒት ወይም መርዝነት ያለው ነገር ወስዶ ከሆነ «ደህና ነኝ፣ ምንም አልተሰማኝም» ቢላችሁም አትጠብቁ። ለሰዓታት ምንም ምልክት ሳያሳዩ ውስጥ ውስጡን የሚጎዱ ነገሮች አሉ። በግድ አታስመልሱት። ወተትም ይሁን ሌላ ነገር በራሳችሁ ግምት አታጠጡት። ማሸጊያውን ወይም ጠርሙሱን ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ምን ማከም እንዳለበት ቶሎ የሚለየው በእሱ ነው።

የጦር መሣሪያ ወይም ስለት ከያዘ ለመንጠቅ አትታገሉ። ራቅ በሉና እርዳታ ጥሩ።

የሚያስፈልጓችሁ ነገሮች

- ቻርጅ የተደረገ ስልክ።
- የድንገተኛ አደጋ ቁጥር፣ እንዲሁም ባላችሁበት አገር ራስን ማጥፋትን ለመከላከል የተቋቋመ የስልክ መስመር ካለ ቁጥሩ። አሜሪካና ካናዳ ውስጥ 988፣ እንግሊዝ ውስጥ 116 123 ነው። በሌላ አገር ከሆናችሁ ከንግግሩ በፊት ፈልጋችሁ መዝግቡት፤ በጭንቀት መሐል ቁጥር መፈለግ ከባድ ነው።
- የአእምሮ ሕክምና የሚሰጥ በቅርብ ያለ ሆስፒታል ወይም ክሊኒክ አድራሻና የሥራ ሰዓት።
- ከእናንተ ሌላ አንድ የምታምኑት ሰው። ይህን አትዝለሉት።
- ወረቀትና እስክሪብቶ።
- ያልተጣበበ ሁለት ሦስት ሰዓት። «ግማሽ ሰዓት አለኝ» ብላችሁ አትጀምሩ።

ደረጃ 1፦ ምልክቶቹን አስተውሉ

ሁሉም ሰው «መሞት እፈልጋለሁ» ብሎ አይናገርም። «ተኝቼ ባልነቃ ደስ ይለኛል»፣ «እኔ ባልኖር ይቀላችሁ ነበር»፣ «ከእንግዲህ አታዩኝም» የሚሉ ንግግሮችን በቀልድ ቢያወጣቸውም አትለፏቸው። እንቅልፍ ማጣት፣ ከሰው መሸሽ፣ መጠጥ ማብዛት፣ ያለወትሮው መቁነጥነጥና መቆጣት ምልክት ሊሆኑ ይችላሉ። የሚወደውን ዕቃ ለሰው ማደል፣ ዕዳውን ቸኩሎ መዝጋት፣ «ልጆቼን አደራ» ማለትም እንዲሁ።

አንድ ምልክት ብዙ ሰው ያታልላል። ለሳምንታት ተጨንቆ የከረመ ሰው በድንገት፣ ያለ ምንም ምክንያት ቢረጋጋ ሁልጊዜ ድኖ ነው ማለት አይደለም። ውሳኔ ላይ ደርሶም ሊሆን ይችላል። «ተመስገን፣ ተሻለው» ከማለታችሁ በፊት ጠይቁት።

ከዚህ በፊት ሙከራ ያደረገ ሰው ሲሆን ደግሞ በትንሹም ምልክት ፍጠኑ። አደጋ አለ ከሚያሰኙ ነገሮች ሁሉ ያለፈ ሙከራ ዋነኛው ነው።

ደረጃ 2፦ ቦታና ሰዓት ምረጡ

ሰው የማይሰማችሁ ቦታ ይሁን፤ ስልካችሁንም ድምፁን አጥፉት። ፊት ለፊት ተፋጥጦ ማውራት የሚከብደው ከሆነ ጎን ለጎን እየሄዳችሁ ጀምሩ። እሱም እናንተም ያልጠጣችሁበት ሰዓት ቢሆን ይመረጣል፤ መጠጥ ሰውን በስሜት ያስወስናል። ግን አመቺ ሰዓት እጠብቃለሁ እያላችሁ ቀናት አታሳልፉ።

ደረጃ 3፦ ጉዳዩን በስሙ ጠርታችሁ ጠይቁ

«ራስህን ስለማጥፋት እያሰብክ ነው?»

ከመሄዳችሁ በፊት ይህን ጥያቄ ለብቻችሁ ጮክ ብላችሁ በሉት። አፍ ላይ ይከብዳል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸሽና «መጥፎ ነገር አታስብም አይደል?» ብሎ ያልፋል። እንዲህ ያለ ጥያቄ መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው። ጓደኛችሁም «ኧረ የለም» ከማለት ሌላ ምርጫ አይኖረውም፤ የፈለጋችሁት ይህን መልስ መሆኑን አውቆታላ።

ሐሳቡን አስገባበታለሁ ብላችሁ አትፍሩ። ይህ ስጋት በተደጋጋሚ ተጠንቷል። በቀጥታ የተጠየቀ ሰው በመጠየቁ የተነሳ ሐሳቡ እንደሚጨምርበት ማስረጃ አልተገኘም። እንዲያውም ለብዙዎች ለብቻቸው የያዙትን ነገር ሰው ሲደርስበት ቀለል ይላቸዋል።

ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

— ሰሞኑን እንቅልፍ የለሽም፣ ስልክም አታነሺም። ትናንት ደግሞ «ለሁሉም ሸክም ሆኛለሁ» ስትዪ ሰማሁ።
— ተይኝ ባክሽ፣ ደክሞኝ ነው።
— እንዲህ ሲደክም አንዳንድ ሰው መሞትን ያስባል። አንቺስ ራስሽን ስለማጥፋት እያሰብሽ ነው?
— … አንዳንዴ።
— ስለነገርሽኝ ጥሩ አደረግሽ። የትም አልሄድም፤ ንገሪኝ።

ልብ በሉ፦ መጀመሪያ የመጣው ጠያቂዋ በዓይኗ ያየችውና በጆሮዋ የሰማችው ነው። ስለዚህ ጓደኛዋ «ከየት አመጣሽው?» ልትላት አልቻለችም። «አንዳንዴ» ስትባል ደግሞ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም፣ «ምን ነካሽ!» አላለችም። ውስጣችሁ ቢርድ እንኳ ድምፃችሁ ይረጋጋ። ደንግጣችሁ ካየ እናንተን ለማጽናናት ሲል መልሱን ያጥፈዋል።

ደረጃ 4፦ ስሙት

እዚህ ላይ ሥራው አፍን መያዝ ነው። ምክር አትስጡ፣ መፍትሔ አትደርድሩ። «ከመቼ ጀምሮ ነው?»፣ «በጣም የሚብስብህ መቼ ነው?»፣ «ምን ሲሆን ይቀልልሃል?» እያላችሁ እንዲናገር መንገድ ክፈቱለት። ዝም ሲል እናንተም ዝም በሉ። አንድ ደቂቃ ዝምታ ሲያዩት ረጅም ነው፤ ቀጣዩ ዋና ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከእሱ በኋላ ነው የሚመጣው።

የሰማችሁትን በራሳችሁ ቃል መልሱለት፦ «ሥራው ከጠፋ ወዲህ ቤተሰብህ ፊት መቆም አቅቶህ ከርመሃል ማለት ነው።» በዚህ መሰማቱን ያውቃል። የተሰማ ሰው ደግሞ ቀጥሎ የምትጠይቁትን ከባድ ነገር ለመመለስ ፈቃደኛ ይሆናል።

«ለማንም እንዳትነግር፣ ማል» ካላችሁ አትማሉ። «የሰማሁትን አላወራውም። ሕይወትህ አደጋ ላይ ከሆነ ግን ብቻዬን አልይዘውም፤ ለማን እንደምንነግር አብረን እንመርጣለን» በሉት።

ደረጃ 5፦ አደጋው ምን ያህል እንደቀረበ ለዩ

አራት ነገር ጠይቁ፦

ሀ) እንዴት እንደምታደርገው አስበሃል?
ለ) የምታደርግበት ነገር እጅህ ላይ ወይም ቅርብህ አለ?
ሐ) መቼ ብለህ አስበሃል?
መ) ከዚህ በፊት ሞክረህ ታውቃለህ?

ሐሳብ ብቻ ካለ፣ ዕቅድም ቀንም ከሌለ፣ ጊዜ አላችሁ። ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ባለሙያ ጋ መድረስ አለበት። ዕቅድ፣ የሚያደርግበት ነገርና ጊዜ አብረው ካሉ ግን ቀጠሮ አያስፈልግም፤ ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። መልሱ ግልጽ ካልሆነላችሁ ወይም ልባችሁ «ይሄ ነገር…» ካላችሁ ከባድ እንደሆነ ቁጠሩት። ተሳስታችሁ ሆስፒታል ብትወስዱት የምታጡት ግማሽ ቀን ነው።

ደረጃ 6፦ አደገኛ ነገሮችን ከአጠገቡ አርቁ

ሰዎች «ቆርጦ የተነሳ ሰው ሌላ መንገድ አያጣም» ይላሉ። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ራስን የማጥፋት ግፊት እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሳል፣ ይከፋል፣ ይበርዳል። ለብዙ ሰው የከፋው ጊዜ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት የሚቆጠር ነው። በዚያች ሰዓት እጁ ላይ ምን እንዳለ ነው የሚወስነው። ስሪላንካ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ እጅግ መርዛማ የሆኑ ፀረ ተባይ ኬሚካሎችን ስታግድ በ20 ዓመት ውስጥ ራስን የማጥፋት መጠኗ በ70 በመቶ ገደማ ወርዷል። ሰዎች በጅምላ ወደ ሌላ መንገድ ዞረው ቢሆን ኖሮ ቁጥሩ እንዲህ አይወርድም ነበር። ሙከራ አድርገው ከተረፉ ሰዎችም ከ10 ዘጠኙ ገደማ በኋላ ሕይወታቸው በራሳቸው እጅ አያልፍም።

ስለዚህ፦

- የጦር መሣሪያ ካለ ከቤቱ ይውጣ። መደበቅ አይበቃም፤ የቤቱ ሰው መደበቂያውን ያውቀዋል።
- የተጠራቀመና ጊዜው ያለፈ መድኃኒት ይወገድ። የሚያስፈልገው በሌላ ሰው እጅ ይሁንና የጥቂት ቀን የጥቂት ቀኑ ይሰጠው።
- መርዛማ ኬሚካሎች ከቤት ይውጡ ወይም ቁልፉ በሌላ ሰው ይያዝ።
- መጠጥ ከቤት ይጥፋ።
- በደረጃ 5 ሌላ ነገር ከጠቀሰ እሱንም አርቁ።

ከቻላችሁ በእሱ ፈቃድ አድርጉት። «ለትንሽ ጊዜ እኔ ጋ ይቆይ፤ ሲሻልህ ትወስደዋለህ» ሲባል ብዙ ሰው እሺ ይላል። ተደብቆ የተወሰደበት ሰው በሚቀጥለው ጊዜ አይነግራችሁም።

ደረጃ 7፦ ለክፉ ሰዓት የሚሆን ዕቅድ አብራችሁ ጻፉ

ወረቀቱ የሚወጣው አሁን ነው። ባርባራ ስታንሊና ግሪጎሪ ብራውን የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ያዘጋጁት የደህንነት ዕቅድ የሚባል አጭር ጽሑፍ አለ። በ2018 ይፋ በሆነ ጥናታቸው፣ ድንገተኛ ክፍል ደርሰው ይህን ዕቅድ ያዘጋጁና ከዚያም በስልክ ክትትል የተደረገላቸው ሰዎች በቀጣዮቹ 6 ወራት ራስን የማጥፋት ሙከራና መሰል ድርጊት የታየባቸው ከሌሎቹ በግማሽ ገደማ ያነሰ ነበር። ባለሙያው ጋ ሲደርስ በደንብ ያሟሉታል፤ እስከዚያው እናንተ ጀምሩት። ሐሳቡ ሲከፋ ጭንቅላት አይሠራምና ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ተጽፎ መገኘት አለበት።

መልሱ የእሱ ይሁን፣ ጽሕፈቱም የእሱ እጅ ይሁን። ለምሳሌ፦

1. ሊከፋብኝ ሲል የማውቀው፦ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነቅቼ ስቀር፣ የድሮ መልእክቶችን ማንበብ ስጀምር።
2. ብቻዬን የማደርገው፦ ከአልጋ መነሳት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ፊቴ ላይ፣ መብራት ማብራት፣ ያን ረጅሙን ጨዋታ ስልኬ ላይ መጫወት።
3. ሰው ያለበት ቦታ፦ እህቴ ሳሎን፣ የማታው እግር ኳስ ሜዳ።
4. የምደውልላቸው፦ (ሁለት ስም፣ ሁለት ቁጥር)።
5. ባለሙያ፦ (የክሊኒክ፣ የስልክ መስመርና የድንገተኛ ቁጥር)።
6. ከቤቴ የራቁት ነገሮች፣ በማን እጅ እንዳሉ።

«ጥሩ ነገር አስባለሁ» ዓይነት መልስ ሲጽፍ ካያችሁ እዚያ ላይ አቁሙት። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው የሚፈለገው። ሲያልቅ ወረቀቱን ፎቶ አንሱት፤ እሱም ስልኩ ላይ ይኑረው።

«ራሴን አላጠፋም ብለህ ፈርምልኝ» ግን አትበሉት። እንዲህ ያለ ቃል ማስገባት እንደሚጠብቅ አልተረጋገጠም። ይባስ ብሎ ሲከፋበት ቃሌን አፈረስኩ ብሎ አፍሮ ሊደበቃችሁ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ባለሙያ ጋ አድርሱት

«ሐኪም ጋ ብትሄድ ጥሩ ነው» ማለት አይበቃም። እንዲህ የከፋው ሰው ስልክ አንስቶ ቀጠሮ ለመያዝ አቅም የለውም። አጠገቡ ሆናችሁ ደውሉ፣ ቀኑን ያዙ፣ በቀኑም አብራችሁ ሂዱ። የሃይማኖት አባት ማየት ከፈለገ መልካም፣ ይሂድ፤ ሐኪሙን ግን አይተካም።

እዚያ ስትደርሱ በእሱ ፈቃድ የሰማችሁትን ሳታለሳልሱ ተናገሩ። «ትንሽ ጭንቀት አለበት» ካላችሁ ወረፋ ትጠብቃላችሁ። «ራሱን ለማጥፋት አቅዷል፤ በዚህ ሳምንት ብሎ ነበር፤ ከሁለት ዓመት በፊትም ሞክሯል» ስትሉ ሌላ ነው። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶችም ንገሯቸው።

ከመውጣታችሁ በፊት አራት ነገር ጠይቁ፦ ቀጣዩ ቀጠሮ መቼ ነው? ሌሊት ቢብስበት ለማን እንደውላለን? መድኃኒት ከታዘዘ በትንሽ በትንሹ መስጠት ይቻላል? ምን ስናይ መልሰን እናምጣው? የድብርት መድኃኒት ሥራውን ለመጀመር ሳምንታት እንደሚወስድ እወቁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ በተለይ ዕድሜው ከ25 በታች ከሆነ፣ መቁነጥነጥ ወይም የሐሳቡን መባባስ ካያችሁ ወዲያው ለሐኪሙ ንገሩ። በራሱ ፈቃድ እንዳያቋርጠውም አስታውሱት።

እምቢ ካለስ? አደጋው የቅርብ ካልሆነ አትጨቃጨቁ። ነገ መልሳችሁ ጠይቁት፣ ትንሿን ነገር አቅርቡለት፦ «እሺ፣ አንዴ ብቻ በስልክ እናናግራቸው።» አደጋው የቅርብ ከሆነ ግን ቢቆጣም ደውሉ። ቢያኮርፋችሁ ዕርቅ ይመጣል።

ደረጃ 9፦ በቀጣዮቹ ሳምንታት አትጥፉ

ሁሉም ሰው በቀውሱ ቀን ይሰበሰባል፣ በሳምንቱ ይበተናል። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ቀናትና ሳምንታት ግን በጣም አደገኛ ከሚባሉት ናቸው። ቀኖቹን ከሌላ ጓደኛ ጋር ተከፋፈሉ። ማን መቼ እንደሚደውል ይታወቅ።

መልእክቱ ረጅም መሆን የለበትም። ጄሮም ሞቶ የተባሉ አሜሪካዊ የሥነ አእምሮ ሐኪም፣ ከሆስፒታል ወጥተው ክትትል ላልቀጠሉ ሰዎች አጫጭር ደብዳቤ ይልኩ ነበር። ደብዳቤው ምንም አይጠይቅም፤ እያሰብንዎት ነው፣ ከፈለጉ ይጻፉልን ይላል። ደብዳቤ ከደረሳቸው መካከል በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ራሳቸውን ያጠፉት ካልደረሳቸው ያነሱ ነበሩ። እናንተም «ትዝ አልከኝ። መመለስ የለብህም» ብላችሁ ላኩ። መልስ የማይጠይቅ መልእክት አያስጨንቅም።

የተለመዱ ስህተቶች

- «አይዞህ፣ ያልፋል» ብሎ ወሬውን መዝጋት። አይዞህ መልካም ቃል ነው፤ ቶሎ ሲመጣ ግን «በቃ፣ አትንገረኝ» ይመስላል።
- «ከአንተ የባሰ ስንት አለ» ማለት። ሕመሙ ላይ ኀፍረት ይጨምርበታል።
- «እናትህን አስብ እንጂ!» ብሎ መቆጣት። እሱ እኮ ለእናቱ ሸክም ነኝ ብሎ ነው የሚያስበው።
- «ትኩረት ፈልጎ ነው» ብሎ ማለፍ። ትኩረት የፈለገ ሰው ትኩረት ይሰጠው።
- «ካደረግከው አድርገው» ብሎ መፎከር። በንዴትም ሆነ በቀልድ በፍጹም አይባልም።
- ነገሩን በጓደኞች ግሩፕ ላይ መበተን። የሚነገረው ለሚረዳ ሰው ብቻ ነው።

ጓደኛችሁ ሩቅ አገር ከሆነ

መጀመሪያ የት እንዳለ ጠይቁ፦ «አሁን የት ነህ? ማን አለ አጠገብህ?» አድራሻውን በወሬው መሐል ያዙት፤ እርዳታ የሚላከው ወደ አድራሻ ነው። ከዚያ ስልኩን ሳትዘጉ ሌላ ሰው በሌላ ስልክ እሱ ባለበት አገር ወዳለ ድንገተኛ አገልግሎት፣ ጎረቤት ወይም የቤት ተጋሪ ይደውል። የእናንተ አገር የድንገተኛ ቁጥር እዚያ አይሠራም። መልእክት ብቻ የሚጽፍ ከሆነ አጫጭር ጥያቄ እየላካችሁ እንዲጽፍ አድርጉት፤ ሰው እስኪደርስለት አትለዩት።

ለእናንተስ?

ይህ ነገር ያደክማል። እንቅልፍ ልታጡ ትችላላችሁ፤ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልባችሁ ይደነግጣል። ተራ የሚይዝላችሁ ሰው ይኑር። የማትገኙበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ለጓደኛችሁ ንገሩት፣ በዚያ ሰዓት ማን ጋ እንደሚደውልም አሳውቁት። ከላይ የጠቀስኳቸው የስልክ መስመሮችም ለጓደኛና ለቤተሰብ ክፍት ናቸው። «የተቸገረው ጓደኛዬ ነው፤ ምን ላድርግ?» ብላችሁ መደወል ትችላላችሁ።